ከብርሃነመስቀል ጎን ያለው መሬት

አፀደ በዚህ ዓለም ላይ በስሟ ካርታ የወጣለት መሬት አንድ ብቻ ነበራት፤ እሱም መቃብር ነው። ባሏ ብርሃነመስቀል የሞተ ጊዜ በስደት በሚኖሩባት ኦሮራ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ገዛች፤ አንዱ ላይ እሱን አስተኛች፣ ሁለተኛውን ለራሷ አስቀመጠች። ሰው ቤት ገዛሁ ብሎ ሲደግስ እሷ ዝም ትላለች። የእሷ ቦታ ሳሩ ይታጨዳል፣ ጎረቤቱም አይረብሽም።

ሌላው ሀብቷ ሔቨን ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ ኮሌጅ የገባች አንድ ልጇ። ይህችን ልጅ ነው እንግዲህ አንዲት አሮጊት የቀሟት! ሚስ ሎሬታ ይባላሉ፤ ከእነ አፀደ በታች ያለው አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አራፓሆ ናቸው፤ ነጮቹ ሳይመጡ አገሩ የእነሱ ከነበረው ሕዝብ። ከኦሮራ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ አያቶቻቸው የተቀበሩበት ቦታ ላይ ቤቶች ሊሠሩ ነው። ካርታ የላቸውም። ያላቸው ከእናታቸው አፍ የሰሙት ነው፦ ማን የት እንደተኛ፣ ስሙ ማን እንደሆነ። ሔቨን ይህን ከሰማች ወዲህ ሥራዋ ሰልፍ ሆነ። አሮጊቷንም "ግራንድማ" ማለት ጀመረች።

ይህንንስ አፀደ ዋጥ አድርጋው ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ከሥራ ስትመለስ ሔቨን ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ሚስ ሎሬታ ከኋላዋ ሆነው ጸጉሯን ሲጎነጉኑላት ደረሰች። "ማሚ፣ ኖ!" እያለች ከእናቷ ጉልበት ሥር ስትሸሽ ያደገች ልጅ! ዘጠኝ ወር የተሸከመ ሆድ እንዲህ ሲነድ ማን ያጠፋዋል?

"አምሮብሻል" አለች አፀደ።

"ሪሊ? ግራንድማ ናት የሠራችኝ።"

"አየሁ። የእኔ እጅ እሾህ ነበረው መሰለኝ።"

የመሬቱ ጉዳይ በከተማው ምክር ቤት የሚሰማው ማክሰኞ ጠዋት ዳውንታውን ነበር። ሔቨን ፈተና አለባት።

"ማሚ፣ ፕሊስ፣ አንቺ ድራይቭ አድርጊያት። እሷ ካልተናገረች ቦታውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።"

"እሺ አልኩ እኮ!"

ጠዋት በረዶ ይጥላል። አፀደ በመስኮት ስታይ ሚስ ሎሬታ ለባብሰው በር ላይ ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ያለው ቀይ ሻርፕ ግን... እሷ ለሔቨን ለልደቷ የገዛችላት ነው። በጓሮ በር ወጣች፣ መኪናዋን አስነሳች፣ ሎውሪ የሚባል ሰፈር ሄዳ አንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረገች። ስልኳን አጠፋች። ያጠፋችው ስልክ ብቻ መስሏት ነበር!

አሮጊቷ ጠብቀው ጠብቀው ባስ ያዙ። ባሱ በበረዶው ተጓተተ። ሲደርሱ "ምስክር አልቀረበም" ተብሎ ግንባታው ተፈቅዶ፣ ሰዉም ተበትኖ ነበር። የዚያን ቀን ብርድ ሳንባቸው ውስጥ ገባ። እሳቸው ሆስፒታል ሲተኙ ዶዘሩ ወንዙ ዳር ደረሰ።

አፀደ ልትጠይቃቸው ስትገባ ቀድመው ተናገሩ።

"መኪናሽ ተሠራልሽ?"

አፀደ ደነገጠች።

"ለሔቨን፣ አልነሳ ብሏት ነው ብያታለሁ። በብርድ መኪና ያስቸግራል።" እጇን ያዙ። "ልጅሽን አልወሰድኩብሽም። ስሞቹን የማቆይበት አንድ ጆሮ ነው የፈለግኩት።"

አፀደ ይቅርታ የሚለውን ቃል በሁለት ቋንቋ ታውቀዋለች። በሁለቱም አልወጣላትም...

በሦስተኛው ቀን አረፉ። ዘመዶቻቸው፣ ሕዝባቸው ከዚህ ተነቅሎ ወደ ሰፈረበት ወዮሚንግ ሊወስዷቸው መጡ፤ እሳቸው ግን "አንዴ ተነቅለናል፤ እኔን ከዚህ አፈር አትንቀሉኝ" ብለው ተናዝዘው ነበር። የት ይቀበሩ? ወንዙ ዳር የሰው ሳሎን ሊሆን ነው!

"አገሩ የሷ ነው እኮ፣ ማሚ!" ሔቨን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተደፋች። "መተኛ እንኳ የላትም?"

አፀደ ቤት ሄዳ ካርታዋን አመጣች። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ደምሰው ዓይናቸውን አፈጠጡ።

"አንቺ አፀደ፣ አብደሻል? ከባልሽ ጎን ባዕድ ሴት?"

"ባዕዶቹስ እኛ ነን፣ ጋሼ።"

በቀብሩ ቀን ሔቨን፣ በሚስ ሎሬታ ወገኖች የሐዘን ወግ፣ የራሷን ጸጉር ሁለት ጉንጉኖች ከሥራቸው ቆርጣ ሣጥኑ ውስጥ አኖረች። አፈሩ ሲመለስ አፀደ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ብርሃነመስቀል ጨዋታ አዋቂ ነው፣ አሮጊቷን አያስከፋቸውም ብላ ተጽናናች፤ ወዲያው ደግሞ ቀናች።

ቤት ሲገቡ ሔቨን መጥታ ጀርባዋን ሰጥታ እናቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች።

"መኪናው ደህና ነበር" አለች አፀደ።

"አውቃለሁ። በዚያው ቀን ከፈተና የወሰድሽኝ በሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ግራንድማ፣ እናትሽን እንዳታሳፍሪያት አለችኝ።" የእናቷን ጉልበት ተደገፈች። "አሁንም ተናድጄብሻለሁ፣ ማሚ። ሹሩባ ስሪኝ።"

አቤት እጣ ፈንታ! ለመጤዋ መሬት በካርታ ሰጥቶ የአገሩን ባለቤት ደጅ ያስቆማል፤ እናት የተመኘችውንም እየዘገየ ይሰጣታል። አፀደ ጣቶቿን የልጇ ራስ ላይ አሳረፈች። የሚያዝ ጸጉር አልነበረም። ቢሆንም በጣቷ ፈርቃ፣ እንባዋ የልጇ ማጅራት ላይ እየወረደ፣ የሌለውን ጸጉር ቀስ ብላ ትጎነጉን ጀመር።