ጁወይሪያ የያዘችልኝ ቦታ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው።

የጀመረው ባለፈው ሐሙስ ነው። ሚያዝያ 2010፣ ካዛንቺስ።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት... ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር።

ስሜ ተናኘወርቅ ነው፤ ተናኜ ይሉኛል። አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማሽን፣ ለደንበኛ አንድ ነጭ ፕላስቲክ ወንበር። በቃ።

ከጓደኛዬ ከጁወይሪያ ጋር አካውንቲንግ በኦንላይን እንማራለን። የቄራ ልጅ ናት፤ ቀን ቀን የአባቷን ሱቅ ትጠብቃለች።

የተዋወቅነው በምዝገባው ቀን ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ቆሜ ስቁለጨለጭ፣ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ሰማያዊ ደብተሯን አንስታ፣ "ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ" አለችኝ። አታውቀኝም እኮ!

ከዚያ ወዲህ ለፈተና ኮሌጅ በሄድን ቁጥር እሷ ቦታ ትይዝልኛለች። ከኦንላይን ክፍል እሷ ስትቀር ደግሞ፣ ስሟ ሲጠራ እኔ "አቤት" እልላታለሁ። ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለመመረቅ የቀረን አንድ ኮርስ ነበር። ስታቲስቲክስ። ሁለታችንም ልንወድቅ አፋፉ ላይ ነን።

የኮሌጁ አስተባባሪ ወይዘሮ የሻረግ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንስቶ መልእክት ትልክልን ነበር። "ተማሪዎች፣ መምህራችሁን አትፍሩ! ማክሰኞና ሐሙስ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ኦንላይን ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋችኋል። ግቡና አነጋግሯቸው። ለተገኘ አሥር ማርክ አለ።"

እኛ? መምህር ማነጋገር? ሞት ይሻለናል! ሴሚስተሩን ሙሉ ማንም ገብቶ አያውቅም።

አሁን ግን ያቺ አሥር ማርክ ነበረች የምታስመርቀን።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጁወይሪያ ደወለች።

"ተናኜ፣ አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ሱቁን ጥዬ ኢንተርኔት ቤት መሄድ አልችልም። ስሜ ሲጠራ አቤት በይልኝ... በአላህ!"

"እሺ። ግን ምሳ አለብሽ።"

ሳቀች። ሳቋን የሰማሁት ያኔ ነው ለመጨረሻ ጊዜ።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ።

መምህር አጽብሃ ስክሪኑ ላይ አሉ። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ። ጥግ ላይ "ተሳታፊ፡ 1" ይላል።

አንዱ እኔ ነኝ። እሳቸውስ?... ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት።

ከጀርባቸው ያለው መስኮት ጨልሟል። በእኔ በር ግን ፀሐይ ትንቦገቦጋለች።

አፍንጫቸው ውስጥ ጥጥ አለ።

ነስሯቸው ይሆናል አልኩ። ምስኪን።

ስም መጥራት ጀመሩ። አንድ ስም ይጠራሉ... ይጠብቃሉ። መልስ የለም። ሌላ ይጠራሉ... ይጠብቃሉ። እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

"ጁወይሪያ ጠልሐ።"

ድምፄን አቅጥኜ "አቤት!" አልኩ።

እስክሪብቷቸው ቆመ።

"መጣሽ?" አሉ በሹክሹክታ።

"አዎ፣ መምህር።"

"ማንም መጥቶ አያውቅም... ብቻዬን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ግቢ ልጄ። ወንበር አለ።"

ወንበር? የምን ወንበር?

"ተናኘወርቅ በድሉ" ሲሉ... መብራት ድርግም አለ።

አመዴ ቡን አለ! የእሷን ማርክ አትርፌ የራሴ ቀረ። ቀናሁባት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁባት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቷ እትዬ ዙህራ ደወሉ። እያለቀሱ ነው።

ጁወይሪያ ባንኮኒው ላይ ደገፍ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷት አልነቃ ብላለች። ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ።

ሆስፒታል ስደርስ ትተነፍሳለች። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙባትም። ሰማያዊ ደብተሯ ትራሷ ሥር ነው። እናቷ "ስትነቃ ትጠይቀኛለች" ብለው ነው ያመጡላት።

እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ።

"አንዳንዴ ታወራለች፣ ልጄ።"

"ምን ትላለች?"

"'እሺ መምህር' ነው የምትለው... የምን መምህር ነው?"

 የጁወይሪያን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳብኩላት።

አርብ ጠዋት ወይዘሮ የሻረግ ደወለች።

"ተናኘወርቅ፣ ሳንነግራችሁ ቆየን፣ ይቅርታ። መምህር አጽብሃ ዐርፈዋል። ነገ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው።"

"ትናንት አይቻቸዋለሁ እኮ..."

"ማንን?"

ስልኩን ዘጋሁት። ጥጡ ትዝ አለኝ። 

ሌላ ሰው ቢሆን ኮምፒውተሩን ዳግመኛ አይነካውም። ግን ያስገባኋት እኔ ነኝ። እኔ ካላወጣኋት ማን ያወጣታል?

ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት። የሱቁን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ማተቤን ጨብጬ ገባሁ።

መምህሩ አሉ።

ከጠረጴዛቸው ወዲህ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ቢጫ ሻርፕ። ያን ሻርፕ የትም አውቀዋለሁ።

አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

"መምህር! ያን ቀን አቤት ያልኩት እኔ ነኝ! እሷ አይደለችም! በእናትዎ ይልቀቋት!"

የሰሙኝ አይመስሉም። መዝገባቸውን ገለጡ።

"ተናኘወርቅ በድሉ።"

አፌን በሁለት እጄ አፈንኩ።

"ተናኘወርቅ በድሉ።"



"ተናኘወርቅ..."

ጁወይሪያ እጇን አወጣች። ሳትዞር። ድምጿን ጎርነን አድርጋ፣ ቁርጥ እኔን መስላ...

"አቤት!"

መዝገባቸው ላይ ምልክት አደረጉ።

ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቅዬ ሮጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አልከደንኩም። ሁለት ሌሊት። መተኛት ፈራሁ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ዙህራ ደወሉ።

"ሌሊት በእንቅልፏ ስምሽን ጠራች።"

"ምን ብላ?"

"'ትንሽ ዘግይታ ነው እንጂ ትመጣለች፣ መምህር። ቦታ ይዤላታለሁ' ብላ... ደግሞ ልጄ፣ ደብተሯን አንቺ ነሽ የወሰድሽው? ከትራሷ ሥር አጣሁት።"

አልወሰድኩም።

አሁን ፎቶ ኮፒ ቤቱን ከፍቼ ገብቻለሁ። ሐሙስ ነው። ለስምንት ሰዓት አሥር ጉዳይ።

ይህን ሁሉ ቆሜ ነው የጻፍኩላችሁ።

ነጩ ወንበር ላይ ሰማያዊ ደብተር ተቀምጧል።