የካድሬ ሕመም

«ፀጉሯ ይረግፋል ነው ያልሽኝ?»

«በእፍኝ በእፍኝ ነው እንጂ ጋሽ ካሣ! ደረቷ ላይማ ቆዳው ይታያል።»

«ምግብስ ትበላለች?»

«ከትናንት ወዲህ አፏ ላይ አላደረገችም። ውሃ ብቻ ትልሳለች።»

«ትልሳለች?»

«ማለቴ... ትጠጣለች። ከንፈሯን ታርሳለች።»

ድሬሰሩ ጋሽ ካሣ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰካና ቀና ብሎ አያት። ሣህሊቱ ዓይኗን ቶሎ ብላ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሐምራዊ ጠርሙስ አሸሸች። ክሊኒክ የመጣችው እሱን ፍለጋ ነበር። ጋሽ ካሣ ለቁስልም፣ ለእከክም፣ ለአፍ ሕመምም የሚቀባው ያንኑ ነው፤ የቱነይድባ ስደተኞች ጣቢያ ልጅ ግማሹ ጉልበቱ ሐምራዊ ነበር። አሁን ትንሽ ቀንሶ በብልቃጥ ሰጥቶ ቢያሰናብታት ምን ነበረበት? ጥያቄ ያበዛል።

«ሆዷስ?»

«ተነፍቷል። ትንፋሿ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው። እንዲህ...» አለችና አፍንጫዋን እያርገበገበች አሳየችው።

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። አንድም ቃል አልጨመረችበትም። ያልተናገረችው ሕመምተኛዋ አራት እግርና ሁለት ረጃጅም ጆሮ እንዳላት ብቻ ነው።

«ስሟ ማነው?»

«ካድ...» ምላሷን ነከሰችው። «ሸጊቱ። እኅቴ ናት። አራት ዓመቷ ነው።»

ካድሬ የምትባለው ጥንቸል እነሣህሊቱ ቤት ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ፈረንጆች ከሾዋክ ከተማ በመኪና ስምንት ጥንቸሎች አምጥተው ለሴቶች ማኅበር በዕጣ አደሉ፤ «አርቡ፣ ለልጆቻችሁ ሥጋ ይሆናል» ብለው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አማተቡ። ከጎንደር ቆላ ተነሥተው ይህን ሁሉ በረሃ ያቋረጡት ጥንቸል ሊበሉ ኖሯል? ዕጣ ከደረሳቸው አንዷ የሣህሊቱ እናት አምሳለ ነበረች። «ሐሙስ ሱግ ወስጄ ለአገሬው ሰው እሸጣታለሁ» አለች። ሱግ የሚሉት ገበያውን ነው። ሣህሊቱ እግሯ ላይ ወደቀች፣ አለቀሰች፣ ውሃ ልቅዳ አለች፣ ሳትታዘዝ ሳህን አጠበች። አምሳለ በመጨረሻ እሺ ያለችው በአንድ ውል ነበር። ጥንቸሏ ቤት አትገባም፤ በሷ ሰበብ አንዲት ጣጣ ከመጣች ደግሞ በሚቀጥለው ሐሙስ ሱግ ናት።

ስሙን ያወጣችላት ሣህሊቱ ናት። ጆሮዋን አቁማ የሰውን ወሬ ሁሉ ታዳምጣለች፣ አፍንጫዋ አያርፍም፣ እሷ የምታስበውን ግን ለማንም አትናገርም። ታዲያ ካድሬ ያልተባለች ማን ይባል? እናቷ ስሙን ስትሰማ ደንግጣ ግራ ቀኝ አየች። ትልቁ ልጇ ታምሬ ለብሔራዊ ውትድርና ሲታደን ነበር ቤታቸውን ዘግተው የወጡት፤ ድንበር ተሻግራም ያ ፍርሃት አልለቀቃትም። ታምሬ ግን ከሚሠራበት ከገዳሪፍ ዳቦ ቤት መጥቶ ሲሰማ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ጋሽ ካሣ ከመሳቢያው ቀይ ካርድ አወጣ።

«ስሚኝ ልጄ። ይሄ የቅባት ነገር አይደለም። ፀጉር ሲረግፍ፣ ሆድ ሲነፋ፣ ልጅ ምግብ እምቢ ሲል የርሃብ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ወተት ነው፤ መመገቢያው ድንኳን መግባት አለባት። አንድ ቦታ ነው የቀረን፣ ለሸጊቱ ይዤዋለሁ። ከሰዓት ወርቅውሃ እቤታችሁ መጥታ ትወስዳታለች።»

ወርቅውሃ ቤት ለቤት እየዞረች ሕፃናት የምትመዝን ሴት ናት።

«እ... ቅባቱን ብቻ ቢሰጡኝስ?»

«የምን ቅባት? ሂጂ፣ ለእናትሽ ቶሎ ንገሪያት!»

ካርዱን ይዛ ዞር ስትል ከኋላዋ ተሰልፋ የነበረችው ሴት ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ሣህሊቱ በዓይን ታውቃታለች። ውባየሁ ትባላለች፤ ባለፈው ሳምንት ከድንበሩ፣ ከወድ ኤል ሒለው በኩል ከመጡት ናት። በነጠላ ጠቅልላ የታቀፈቻት ልጅ አታለቅስም። ሣህሊቱ የሚያለቅስ ሕፃን አትወድም፤ ጆሮ ይበጥሳል ትላለች። ይቺ ግን ዓይኗን ገልጣ፣ ዝንብ ከንፈሯ ላይ አርፎ፣ እጇን እንኳ አላነሣችም።

«ለዛሬ ሞላ እናቴ» አለ ጋሽ ካሣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመጨረሻዋን ቦታ አሁን ሰጠሁ። ነገ የሚወጡ ልጆች አሉ፣ በማለዳ ነይ።»

«ነገ» አለች ውባየሁ።

ሣህሊቱ እንደ ሰው መራመድ አቃታት። ሮጠች።

ሚያዝያ ነበርና አሸዋው በጫማዋ ቀዳዳ እየገባ እግሯን ይለበልባል። ግቢያቸው ስትደርስ እናቷ ከስንዴ ራሽን ሰልፍ አልተመለሰችም። ትንሿ ሸጊቱ ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታምሬ ያመጣውን ዳቦ ትገምጣለች፤ ጉንጮቿ ግራና ቀኝ ተወጥረዋል። ለጥበቃ የቀረችው የሣህሊቱ ጓደኛ ባሕሪያ ከውሃው ጋን፣ ከዚሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ባሕሪያ እዚሁ ሱዳን ያደገች ናት፤ ስትደነግጥ አረብኛው ይቀድማታል።

«ያ ሣህሊ! ተዓሊ! ነይ እይ፣ ዋላሂ አብዳለች!»

ካድሬ በዚሩ ቅዝቃዜ ሥር ባለው ሳጥኗ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትላለች። አፏን ደረቷ ውስጥ ትቀብርና ነጭ ፀጉር ነቅላ ትወጣለች። ደረቅ ሣሩን በአፏ ሙሉ ታፍሳለች፣ ከሳጥኑ ጥግ ታኖረዋለች፣ አልወደደችውም መሰል እንደገና ታነሣዋለች። አንድ ቦታ አትቀመጥም። ሣህሊቱም አልተቀመጠችም። ጨርቅ ነክራ የካድሬን ጆሮ አረጠበች፤ ጆሮዋ ይፋጃል። የጎመን ቅጠል አስጠጋችላት፤ አሽትታ ተወችው። ተነሣች፣ እበሩ ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች።

«መድኃኒቱስ?» አለች ባሕሪያ።

ሣህሊቱ ካርዱን አሳየቻትና የሆነውን ነገረቻት። ባሕሪያ ዘላ ቆመች።

«ቀይ ካርድ! አንቺ ዕድለኛ! ወተት አለው፣ ዘይት አለው፣ ብስኩት አለው! ወተቱን ለካድሬ ታጠጫታለሽ፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

«ወርቅውሃ ሸጊቱን ስታያትስ? ይቺን ጉንጭ?»

«የከሳች እናስመስላታለና። ሸጊ! ጉንጭሽን ወደ ውስጥ ምጠጪ እስቲ!»

ሸጊቱ ዳቦውን እንደያዘች ጉንጯን መጠጠች። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ቁርጥ ዓሣ መሰለች። ባሕሪያ በሳቅ ፈረሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሷ በፊት የምትፈርሰው ሣህሊቱ ነበረች። አሁን ግን ዝንቡ ትዝ አላት። ከንፈር ላይ አርፎ የቀረው ዝንብ።

በዚህ መሐል ውሃ የሚያከፋፍሉት ሐጅ ሙሐመድኑር ጋሪያቸውን እየነዱ መጡ። ሽማግሌው የሾዋክ ሰው ናቸው። ዚሩን ሞልተው ሲጨርሱ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ፤ ቆይተው ተመለከቱ። ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ያ ቢት! ዲ ማ ዓያና!»

«አልታመመችም ይላሉ» አለች ባሕሪያ። አዛውንቱ በእጃቸው ሆድ እያሳዩ፣ ከደረታቸው ላይ ፀጉር የሚነቅሉ እየመሰሉ ቀጠሉ፤ ባሕሪያ እየተከተለች ትተረጉማለች። «ልትወልድ ነው! ስትመጣም አርግዛ ነው የመጣችው። ፀጉሯን የምትነቅለው ለልጆቿ ፍራሽ ልታነጥፍ ነው። መለመላቸውን ነው የሚወለዱት ይላሉ። ቤታቸው ስንት ዓመት ጥንቸል ያረቡ ሰው ናቸው እኮ! ዛሬ ወይ ነገ ትወልዳለች። ሳጥኑን ሸፍኑላት፣ አትነካኳት፣ ውሃ አይጥፋባት። ለሌላው እሷ ታውቅበታለች ይላሉ።»

ሣህሊቱ ሳታስበው ሳቀች። ሁለት ሌሊት ተገላብጣ ያደረችው፣ ትሞትብኛለች ብላ ስንት ቦታ የሮጠችው፣ ለካ ካድሬ አልጋ እያነጠፈች ነው! ጆንያ አምጥታ ሳጥኑን ሸፈነችላት። ሐጅ ሙሐመድኑር አህያቸውን እየጎሰሙ ሄዱ።

ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ። እንግዲህ በዚህ ቤት የታመመ ሰው የለም። የታመመ እንስሳም የለም። ቀዩ ካርድ ግን ኪሷ ውስጥ ነው።

«ልመልሰው ነው» አለች።

«እንዴት አድርገሽ?» ባሕሪያ ክንዷን ያዘቻት። «ምን ልትያቸው? ለጥንቸል ነው ብለሽ? እናትሽ ትሰማለቻ! እናትሽ ከሰማች ሐሙስ ካድሬ ሱግ ናት። ልጆቿስ? ዓይናቸው ሳይገለጥ በዚያ ፀሐይ!»

ሣህሊቱ ወደ በሩ ዞረች።

«ለወርቅውሃ ሸጊቱ ተሽሏታል በያት፣ በቃ። ያቺ ልጅ እንደሆነ ነገ ትገባለች። አንድ ቀን ምንድነው?»

«አንቺ አላየሻትማ» አለች ሣህሊቱ። ክንዷን አስለቅቃ ወጣች።

በመንገዱ ሁሉ የምትናገረውን ስታበጃጅ ነበር። ተሳስቼ ነው ልበል? ስሙን ነው የተሳሳትኩት፣ የጎረቤት ልጅ ናት ልበል? አንዱን ትሠራና ታፈርሰዋለች። ክሊኒኩ ደጃፍ ስትደርስ ውባየሁ እኒሙ ዛፍ ሥር ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ወደ ጎጆዋ አልሄደችም። ነገን እዚያው ልትጠብቀው ነው መሰል።

ያበጃጀችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«ጋሽ ካሣ፣ ሸጊቱ አልታመመችም።»

ጋሽ ካሣ መዝገቡን እየዘጋ ነበር። «ማን ናት ታዲያ የታመመችው?»

«ጥንቸል።»

«ምን?»

«ጥንቸል ናት። እሷም ብትሆን አልታመመችም፣ ልትወልድ ነው። ፀጉሯን የምትነቅለው ለዚያ ነው። እኔ አላወቅኩም። ሐምራዊውን ቀለም ብቻ ነበር የፈለግሁት።» ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በላብ ረጥቦ ጠርዙ ተጣጥፏል።

ጋሽ ካሣ ይጮህብኛል ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። አልጮኸባትም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ብዕሩን ከጆሮው ላይ አውርዶ ሸጊቱ የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው።

«ሴትዮዋን ጥሪያት።»

ሣህሊቱ ሄዳ ኒሙ ሥር ቆመች። «እትዬ ውባየሁ፣ ይጠሩሻል። ቦታ አለ።»

ሴትየዋ ለመነሣት አንድ እጇን ወደ መሬት ሰደደች። ሣህሊቱ ልጅቷን ተቀበለቻት። አንድ ጥቅል ልብስ ያህል እንኳ አትከብድም። ካድሬ ትከብዳለች ብላ አሰበች፤ ያሰበችው ግን ለማንም የሚነገር አልነበረም። በነጠላው ጫፍ ዝንቡን አባረረችላት።

«ያንቺዋ እኅትስ?» አለች ውባየሁ ልጇን መልሳ ስትወስድ። «ቅድም ለሷ አልነበረም እንዴ?»

«እኛ ቤት ሁላችንም ደህና ነን፣ እትዬ።»

ወርቅውሃ እናትና ልጅን ይዛ ወደ ድንኳኑ ስትሄድ ጋሽ ካሣ ከጠረጴዛው ማዶ ተጣራ። «አንቺ! ለእናትሽ እኔ ልንገራት ወይስ ራስሽ ትነግሪያታለሽ?»

«ራሴ።»

«ነገ እጠይቃታለሁ።»

«ይጠይቋት።»

እቤት ስትደርስ የእናቷ ሸበጥ እበሩ ላይ ወልቋል፤ የስንዴው ከረጢት ከምሰሶው ተደግፏል። አምሳለ ከዚሩ ውሃ ቀድታ ቆማ ትጠጣለች፤ አንገቷ በአቧራና በላብ ተዥጎርጉሯል። ከጀርባዋ ባሕሪያ ዓይኗን አፍጥጣ፣ አንድ እጇን ዘርግታ ከሌላው አንድ ጣት ጨምራ አሳየቻት። ስድስት! ከዚያ በአገጯ በጆንያ ወደተሸፈነው ሳጥን ጠቆመች።

ሣህሊቱ ተንበርክካ የጆንያውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገች። በነጩ ፀጉር መሐል የሆነ ነገር ተንፏቀቀ። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ቀይ፣ ፀጉር የሌላቸው። ካድሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ተቀምጣለች፤ የምትንቀሳቀሰው አፍንጫዋ ብቻ ነው።

እናቷን ታውቃታለች። አምሳለ መጮህ እንጂ መጨከን አትችልበትም። አሁን ጆንያውን ሙሉ በሙሉ ብትገልጥላት፣ «እማ፣ እይ!» ብትላት፣ መጀመሪያ እነዚያን ስድስቱን ብታያቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚነገራት ሁሉ ግማሹ ይቀልላል። ይህን ዘዴ ሣህሊቱ በሌላ ነገር ስንቴ ሞክራ ስንቴ ሠርቶላታል።

ጆንያውን መልሳ ሸፈነችው። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«እማ።»

«እህ?»

«የማሳይሽ ነገር አለ። ግን ከማየትሽ በፊት የምነግርሽ አለኝ።»

አምሳለ ጣሳውን ከአፏ አወረደች።