ከበሩ ኋላ የተሰማ ቃል

ሬሳው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ በሰጋቱራው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ሟቹ የአናጢ ቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። የእንጨቱ ብናኝ ከሽበታቸው ጋር ተቀላቅሎ የቱ ዕድሜ፣ የቱ ሥራ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። ከራሳቸው አጠገብ የወደቀው የእንጨት መዶሻ ግን አያስቸግርም ነበር፤ በእጀታው ላይ የተቀረጸው ምልክት ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ የሚሠራው መጻተኛ አናጢ ነው። ይህንንም ወሬ መንደሩ ከፖሊስ ቀድሞ ሰምቶታል።

መርማሪዋ ተንበርክካ የሟቹን ሸሚዝ ጀርባና ትከሻ ስትመለከት፣ ድንጋይ የቆርቆሮውን ጣራ መታው። ወዲያው ሌላ ተከተለ።

«መጤው ይውጣልን! አሳልፋችሁ ስጡን!»

ሃምሳ አለቃው ከመስኮቱ ዘወር አለ። ገላው ወፍራም፣ ልቡ ግን ስስ ሰው ነበር።

«አለቃ፣ ከጣቢያ ደውለዋል። መጤውን በካቴና አስራችሁ አምጡት ነው የሚሉት።»

«በየት በኩል?»

«በበሩ ነዋ።»

«እንግዲያው የምንጭነው ሬሳ ሁለት ይሆናል።» መርማሪዋ ከጉልበቷ ሰጋቱራውን አራግፋ ተነሣች። «ማን እንደ ገደለ ሳላውቅ ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም። የኋላውን በር ቆልፈው።»

ወደ ዋናው በር ቀረብ አለች። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ትኩስ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ከእጀታው ላይ የሲባጎ ገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ከሰው ትከሻ ትይዩ ላይ ግን ብርሃኑ ተሰብሮ፣ ጠጋ ብሎ ላየው፣ የጨርቅ ሽመና የመሰለ ረቂቅ መስመር ታትሞበታል። መርማሪዋ ጣቷን ወደዚያ አቅንታ ሳትነካው መለሰች።

መጻተኛው ኮላ በሚፈላበት ጠባብ ክፍል፣ በሳንቃ ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ሸጉጦ ተቀምጧል። ድንጋይ ጣራውን በመታ ቁጥር ዐይኖቹን ይጨፍናል።

«ጆሮዬ ደካማ ነው» አለችው መርማሪዋ፣ ከፊቱ ተቀምጣ መዳፏን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ። ይህን ለሁሉም ትለዋለች። «የተባለውን እንደ ወረደ ይድገሙልኝ። መዶሻው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው፣ እትዬ። ከሥራ ስወጣ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ማን እንዳወረደው አላውቅም።»

«የመጨረሻው ሥራዎ ምን ነበር?»

«በሩ። በውስጥ በኩል ቫርኒሽ ቀባሁት። ከዚያ ገመድ አሰርኩ፤ ‹ጋሼ፣ በዚህ ይሳቡ፣ በሩን አይንኩ፤ ልብስዎ ይበላሻል› አልኩ። ጋሼ ሳቁ። ‹አንተ ከእናቴ ትብሳለህ› አሉኝ። ከዚያ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ።»

«ሲሄዱ ያየዎት አለ?»

«እኔን ሰው የሚያየኝ አንድ ነገር ሲጠፋ ነው፣ እትዬ።»

በዚህ ጊዜ ሰጋቱራ የለበሰች ድመት ከመደርደሪያው ዘላ ከመርማሪዋ ጭን ላይ ዐረፈች። መጻተኛው ደንግጦ ተነሣ።

«ይውረዱ! ኧረ ይውረዱ፣ ልብሳቸውን ያበላሹባቸዋል!»

ሃምሳ አለቃው ሳቁን መግታት አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። «ለድመት ነው ይውረዱ የሚባለው?»

መጻተኛው ምኑ እንዳሳቀ አልገባውም፤ ድመቷን አቅፎ አወረዳት።

ቀጥሎ የቀረበው ጋሽ መሮ ነው፤ የቤቱ ዋና አናጢ፣ ከመሮ ስለት ይልቅ ምላሱ የሚቆርጥ ሰው። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ግድግዳው ላይ ‹መጤ ይውጣ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። አልክድም። ጋሼን ግን አልነካሁም። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ስለ ምን ጻፉት?»

«የቤት ኪራይ ሽቅብ ይሮጣል፣ ደሞዜ እንደ ግንድ ተጋድሟል። ልጆቼ ከትምህርት ቀርተዋል። ያ ሰውዬ ደግሞ ያገኘውን ይሠራል፣ የሰጡትን ይቀበላል። እኔ ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልከራከር?»

«ኪራዩን የጨመረው እሱ ነው?»

ጋሽ መሮ ጢሙን አከከ።

«ስመጣ በዚህ መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች በራቸው ታሽጎ አየሁ» አለች። «ማን ዘጋቸው?»

«መጤዎቹ ናቸዋ! እነሱ ገበያውን አበላሽተው…»

«ቁልፎቹስ ከማን ዘንድ ናቸው?»

«ከ… ከባለ ፎቁ» አለ ጋሽ መሮ፣ ከመንገዱ ጫፍ ወደሚገነባው ረጅም ሕንፃ በአገጩ እያመለከተ።

«ትናንት ከጋሼ ጋር ተጣልተዋል አሉ።»

«ተጣልቻለሁ። ቤቱን ለመጤው ሊያወርሱት ነው ሲባል ሰምቼ ነዋ። አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል፣ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ነግሮናል። ጋሼ ግን አልተቆጡም። ‹ነገ ከስብሰባችሁ እመጣለሁ፤ ማን ምን እንደሚሸጥ ያኔ ትሰማለህ› አሉኝ።»

«መጻተኛውስ? እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ፊቱ ላይ ሰጋቱራ በትኜበት አውቃለሁ። ‹እባክዎ ይተዉኝ› አለ። ሌላ ምን ይላል?» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

አማቹ ሲገባ አየሩ ጠበበ። መንደሩ «ማይኩ» ይለዋል፤ በስብሰባ ሁሉ የድምፅ ማጉያውን ከጨበጠ ስለማይለቅ ነው። ዛሬ ጠዋቱ ብርዳም ሆኖ ሳለ በሸሚዝ ብቻ ነበር። መርማሪዋ በዐይኗ ከአንገቱ እስከ ወገቡ አየችውና ወንበር አመለከተችው።

«በምሽቱ መግቢያ በዚህ በኩል ሳልፍ መጤው ከአማቴ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማሁ» አለ። «ይኸው፣ ከበሩ ውጭ ቆሜ።»

«ጆሮዬ ደካማ ነው። ቃሉን እንደ ወረደ ይድገሙልኝ።»

«‹አንተ ሽማግሌ፣ ድርሻዬን ካልሰጠኸኝ እገድልሃለሁ!› አለ። ቃል በቃል።»

«ገብተው አላገላገሉም?»

«የደሞዝ ጭቅጭቅ መሰለኝ። እንዲህ ይደፍራል ብዬ መቼ ጠረጠርኩ?»

«የእሱ ድምፅ መሆኑን እንዴት ለዩ?»

«የመጤ አነጋገር ይደበቃል እንዴ? ስብርብር ያለ ነው።»

«ከእሱ ጋር ተነጋግረው ያውቃሉ ማለት ነው።»

«እኔ?» አማቹ ደረቱን ነፋ። «ከመጤ ጋር? እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ አንዲት ቃል ተለዋውጬ አላውቅም፤ ሰላምታውንም አልተቀበልኩም። ይህን መንደሩ ይመስክር!»

መርማሪዋ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። ከውጭ የሕዝቡ ድምፅ እንደ ጎርፍ ሞልቶ ቀነሰ፣ ደግሞ ሞላ።

በመጨረሻ የሟቹ ልጅ፣ የአማቹ ሚስት፣ ገባች። እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። እጅሽን ምን ነካው?»

«ልብስ ሳጥብ ነው።»

«በቲነር?»

ልጅቱ እጇን ይበልጥ ሸሸገች፤ የቀለም ማስለቀቂያው ሽታ ግን ሊሸሸግ አልቻለም።

«አላስጨንቅሽም» አለች መርማሪዋ። «ነገር ግን በዚያ ጠባብ ክፍል አንድ ሰው ተቀምጧል። አንቺ ዝም ባልሽ መጠን የሚወረወረው በእሱ ላይ ነው። ይህን ብቻ አስቢ።»

ከዚያም ሁሉንም ከሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው በአቡጄዲ ተሸፍኗል። ሃምሳ አለቃውን «መስኮቶቹን ክፈት» ብትለው ጆሮውን አላመነም።

«አለቃ! ድንጋዩስ?»

«የፈረዱት እነሱ ናቸው። ማስረጃውንም ይስሙ።»

መስኮቶቹ ሲከፈቱ ፊቶች ተግተልትለው ሞሏቸው። መርማሪዋ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጀመረች፤ ለመስማት ሲሉም ጫጫታቸውን ቀነሱ።

«ከበሩ እንጀምር። ትናንት ከሥራ በኋላ ይህ በር በውስጥ በኩል ቫርኒሽ ተቀባ። ቀቢው ስለሚያውቅ ገመድ አሰረ፤ ጋሼም ተነግሯቸዋል። ልብሳቸውን አይቻለሁ፤ ጠብታ የለበትም። ነገር ግን አንድ ሰው በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘግቶታል፤ ከውጭ ማንም እንዳያየው የፈለገ ሰው እንደሚያደርገው። ቫርኒሹ እርጥብ መሆኑን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ገዳዩ በሩን የቀባው ሰው አይደለም።»

«ረስቶት ቢሆንስ?» አለ አማቹ ፈጥኖ።

«መልካም ጥያቄ ነው። ምልክቱን ይዩት። የኮት ሽመና ነው። የዚህ ቤት ሠራተኛ የሚለብሰው የላስቲክ ሽርጥና አሮጌ ቱታ ነው። በዚህ መንደር ከኮት የማይለይ ማነው?»

ዐይን ሁሉ ወደ አማቹ ሸሚዝ ዞረ።

«ቀዝቃዛ ጠዋት ነው» አለች መርማሪዋ። «እንግዲህ ወደ ቃሉ እንምጣ። ከበሩ ኋላ የሰሙትን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ይድገሙልኝ፤ ጆሮዬ ደካማ ነው።»

አማቹ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሕዝብ ሲያይ ድምፁ ራሱ ይሰፋል።

«ወገኖቼ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ‹አንተ ሽማግሌ፣ ድርሻዬን ካልሰጠኸኝ እገድልሃለሁ!› ብሏቸዋል!»

ጋሽ መሮ ሳቀ። ከሬሳ ፊት የማይገባ፣ ከሆድ ያመለጠ ሳቅ ነበር።

«አንተ አላቸው? እሱ?»

«ምን ያስቅሃል?» አለ አማቹ።

«ኧረ ተው! እኔን፣ ሰጋቱራ የበተንኩበትን፣ እርስዎ ይለኛል! ድመቷንም!»

«እኔንም!» አለች ከመስኮቱ ዳቦ ሻጯ። «‹እርስዎ እንደምን ዋሉ› ይለኛል፤ ከባሌ እንኳ ያልሰማሁትን!»

«ጡት ያልጣለውን ልጄን ‹እንደምን አደሩ› ብሎታል» አለ ሌላው፤ ጥቂቶች ሳቁ፤ ከዚያ የሳቁት ራሳቸው ደነገጡ።

መርማሪዋ ወደ መጻተኛው ዞረች። «ቋንቋውን ከማን ተማሩ?»

«ከጋሼ ጎን ተቀምጬ ነው የሠራሁት» አለ በዝግታ። «ሰው ሁሉ ጋሼን የሚያናግረውን ሰማሁ፤ ያንን ያዝኩ። ሌላ አነጋገር እንዳለ በኋላ ነገሩኝ። ግን ማን ከፍ፣ ማን ዝቅ ብሎ እንደሚጠራ እኔ በምን አውቃለሁ? አንዱን ይዤ ቀረሁ።»

«ሰማችሁ» አለች። «ይህን የሰደባችሁትም፣ ዳቦ የሸጣችሁለትም ታውቃላችሁ። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንዲት ቃል አልተለዋወጥኩም ብሎ የሚኮራው። መጻተኛው ሲናገር ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ቃሉን በእሱ ስም ሲፈጥር በራሱ አንደበት ፈጠረው። ‹አንተ ሽማግሌ› የሚለው የእርስዎ አነጋገር ነው፣ ጌታው።»

«ይህ ሁሉ የሰዋስው ጨዋታ ነው!» አለ አማቹ። «ኮት አላችሁ፤ ኮቱ የታለ?»

«ቤታችን ጓሮ እንዲደርቅ ተሰጥቷል።»

የተናገረችው ልጅቱ ነበረች። እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታለች፤ ቆዳቸው ቀልቶ ተልጧል።

«‹ከተቀባ አጥር ተደግፌ ነው፣ አጽጂልኝ› አልከኝ። አባቴ እዚህ ወድቆ ሳለ፣ ሳላውቅ ስፈትግልህ አመሸሁ። ጀርባው አልለቀቀም።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ይህ ቤት ከተሸጠ መንገዱ በሙሉ የባለ ፎቁ ነው። ባሌ ቃል ገብቶለታል። አባቴ እምቢ አለ፤ በስብሰባው ላይም ሊናገር ነበር። እናንተ መጤ መጤ ስትሉ ሱቆቻችሁን የሚሸጥላችሁ የራሳችሁ ሰው ነበር።»

«ለእናንተ ስል ነው!» አማቹ ወደ ሕዝቡ እጁን ዘረጋ። «ሰውየው ግትር ነበር! ሥራ እናገኝ ነበር! ወገኖቼ…»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ሲያጠልቅለት አማቹ አሁንም ይናገር ነበር። ከውጭ ግን ያው ድምፅ በሌላ ስም ተነሣ።

«እሱን ስጡን! ከዳተኛውን!»

ያው እጅ፣ ያው ድንጋይ ነበር። ሃምሳ አለቃው ከደጃፉ ቆሞ ቀረ። አማቹ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

መጻተኛው ተነሣ። ማንም ሳያዝዘው ወደ በሩ ሄዶ ገመዱን ሳበ፤ በሩ ተከፈተ። ከሕዝቡ ፊት ብቻውን ቆመ፤ ልክ ጠዋት ‹ይውጣልን› እያሉ ይጠሩት በነበረበት ቦታ።

«እባክዎ» አለ፣ ከፊቱ ድንጋይ የጨበጠውን ሰው እያየ። «መንገድ ይልቀቁላቸው።»

ማንም አልተነቃነቀም። ድንጋይም አልተወረወረም፤ የጣለ ግን አልነበረም። ሰውየው አንዴ መጻተኛውን፣ አንዴ እጁን ያያል።

ጋሽ መሮ ከኋላ ገፍቶ ወጣ፤ ከመጻተኛው ጎን ቆሞም እንደ ልማዱ ጮኸ።

«ምን ያፈዛችኋል? አልሰማችሁም እንዴ? መንገድ ልቀቁ አሉ እኮ!»

ሕዝቡ ከሁለት ተከፈለ። መርማሪዋ እስረኛዋን ይዛ በመካከሉ ስታልፍ፣ ደካማ ነው የምትለው ጆሮዋ ከጋሽ መሮ አፍ፣ መጻተኛውን ሲያነሣ፣ ከ«ለ» ወደ «ሉ» የተሻገረችውን ያችን አንዲት ፊደል ሰምቷት ነበር።