ሚጡ የተባለው ፕሮግራም

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። አበቃለት የተባለ ሬዲዮ ሲያስነሳ ስለኖረ ነው። ለራሱ ልብ ሲሆን ግን፣ ምን ዋጋ አለው፣ ዶክተርነቱ አልሠራም።

አንዲት ወጣት መሬት ቀያሽ ሰግታ ሱቁ መጣች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አንድ ቀልደኛ ነኝ ባይ «ጨዋታ ነው» ብሎ በገመድ ያስተላለፈው ፕሮግራም የባልደረባዋን ካልኩሌተር ጠራርጎ ባዶ አስቀርቶታል። የእሷም ግራፍ የሚያወጣ፣ ፕሮግራም የሚጻፍበት ዓይነት ነው። ቫይረስ ይገባበት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ብቻውን አይገባም» አላት። «ይሄ ዕቃ ኢንተርኔት አያውቅም። ክፉ ነገር የሚመጣበት በገመድ ነው፤ ያውም ሰው በእጁ ሲያስገባው።»

የጨነቃት ለዕቃው አልነበረም። ሟቹ አባቷም ቀያሽ ነበሩ፤ የመሬት ስፋት የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፈውላት በካልኩሌተሩ ውስጥ ትተውላታል። ስሌቱ ሲያልቅ በላቲን ፊደል «ምሳ በላሽ?» ይላታል። ይህን ስትነግረው ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ግልባጭ ሊሠራላት ቃል ገባ።

ቃል መግባቱንስ ገባ። ግልባጩን ከሠራ መምጣቷ የሚቀር መሰለውና ዛሬ ነገ ሲል አምስት ወር አለፈ። እሷም ምክንያት አላጣችም፤ አንዴ ባትሪ፣ አንዴ የማይጫን ቁልፍ። ሁለቱም እያወቁ እንዳላወቁ ሆኑ። ሲተያዩ ደንበኛ ገብቶ ይወጣ ነበር።

አንድ ቀን እናቷ በስልክ «ሚጡ» ብለው ሲጠሯት ሰማ። ስሙ ልቡን ነካው። «ታገቢኛለሽ?» የምትል ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፣ «ሚጡ» ብሎ ሰየማት፣ ልጅቷ ለአፍታ ወጣ ስትል ካልኩሌተሯ ውስጥ በገመድ አስገባት።

በማግስቱ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ለካ አባቷም ፕሮግራሙን የሰየሙት ሚጡ ብለው ነበር።

«መልእክቱን አንተ ነህ የጻፍከው፤ ይሁን» አለች። «የአባዬን ያጠፋው ግን ቫይረስ ነው በለኝ። አምንሃለሁ።»

አንዲት «አዎ» ታድነው ነበር። አፉ አልታዘዝ አለው።

«እኔ ነኝ። ካልኩሌተሩ ‹በዚህ ስም ሌላ አለ፣ ልተካው?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሳላነብ እሺ አልኩት።»

«ግልባጩስ?»

«አልሠራሁትም። የምትቀሪብኝ መስሎኝ።»

አላለቀሰችም። ካልኩሌተሯን በመሀረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩ ላይ ቆም አለች።

«እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ደህና ይዋሉ።»

አምስት ወር ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረችው ልጅ «እርስዎ» አለችው። ሰድባው ብትሄድ በስንት ጣዕሙ።