ሁለተኛው ብርሌ

ደርቤ ወደ ወይዘሮ ሙላቷ ጠጅ ቤት መጀመሪያ የገባ ዕለት ዓይናዲስ ጓዳ ውስጥ ማር እያጣራች ነበር። እናቷ በመጋረጃው በኩል ብቅ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ተይው እሱን። ቀሚስሽን ቀይሪና ለሰውዬው ቅጂለት» አሏት።

«ማነው?»

«አበረ ለሆቴሉ ያስመጣው ጠጅ መራጭ ነው። ፀጉርሽንም ፈታ አድርጊው። ሳቂለት።»

«እማዬ!»

«ሳቂለት አልኩሽ፤ ሌላ ምን አልኩሽ? ያ ጥርስ የተሰጠሽ ሽሮ ልትበይበት ብቻ ነው?»

ዓይናዲስ ለእናቷ መልስ መስጠት አልለመደችም። ቀሚሷን ቀየረች።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የከረመ ጠጅ ሲነሳ ለብዙ ዘመን የሚጠራው የወይዘሮ ሙላቷ ስም ብቻ ነበር። በኋላ ግን በእሳቸው ቤት ተቀጥረው ጌሾ ሲወቅጡ የኖሩት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከመንገዱ ማዶ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ደንበኛው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ የሙላቷን፣ ገሚሱ የወለተ ሰንበትን እያለ ይከራከር ጀመር። አሁን ደግሞ አቶ አበረ የሚባሉ ባለሀብት አዲስ ሆቴል ሠርተው፣ ለሆቴላቸው የከረመ ጠጅ የሚያቀርበው አንድ ቤት ብቻ እንደሚሆን አስታወቁ። የሁለቱን ቤት ጠጅ አነጻጽሮ የሚመርጥላቸውንም ሰው ከባሕር ዳር አስመጡ።

ሰውዬው ደርቤ ነው። የመርጡለ ማርያም ልጅ ነው፤ አባቱ ቀፎ ሰቃይ ነበሩ። ማር ቀምሶ ንቧ ምን አበባ ላይ እንደዋለች ይናገራል እየተባለ ይወራለታል። ወሬውን እሱም አይጠላውም።

ዓይናዲስ ብርሌውን ፊቱ አስቀመጠችና እንደታዘዘችው ሳቀች። ደርቤ ግን ብርሌውን አልነካም። እጇን አየ።

«የአደይ አበባ ማር ነው ስታጣሪ የነበረው» አላት።

«በምን አወቁ?»

«ጣትሽን ታጥበሽዋል፤ ክንድሽን ግን ረስተሽዋል።»

ክንዷን ብታየው እውነትም ማር ተጋግሮበታል። ያን ጊዜ ማንም ሳያዛት ሳቀች። ደርቤም ሳቀ። ወይዘሮ ሙላቷ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ሁለቱንም ሳቅ ሰሙ፤ ለይተው ግን አላወቋቸውም።

ምርጫው እስኪደርስ ደርቤ በየቀኑ መጣ። እንደ ሥራው ከሆነ ሁለቱንም ቤት እኩል ማየት ነበረበት፤ እግሩ ግን ወደ አንደኛው አደላ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል፣ ወይዘሮ ሙላቷ «ዕቃ ግዢልኝ» ብለው ዓይናዲስን ይልኳታል። እሱ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። በአብማ ማርያም በኩል ሽቅብ ይሄዳሉ። አንዳንዴ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር እየታከኩ ያለ ወሬ ይዞራሉ። ዝም ሲሉ የሚቀራረቡ ይመስላቸው ነበር። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» የሆነው መቼ እንደሆነ አንዳቸውም ልብ አላሉትም።

አንድ ቀን ዓይናዲስ ቆመችና፣

«ደርቤ፣ አንተ አትፍረድ። ሌላ ሰው ይፍረድ» አለችው።

«ለምን?»

እናቷ ያዘዟትን ልትነግረው አፏ ድረስ መጣ። አፈረች።

«እኔና አንተ እንዲህ ሆነን... ጥሩ አይደለም።»

«ምላሴ ጉቦ አይበላም» አለ እየሳቀ። «የእናትሽ ጠጅ ቢበልጥ ይበልጣል እላለሁ። ቢያንስ ያንሳል እላለሁ። አንቺ ምን አስጨነቀሽ?»

«እናቴን አታውቃትም።»

«ንገሪኛ!»

ነገረችው። ባለፈው በጋ ያ ትልቁ፣ ለዓመታት ተመርጎ የኖረው ጋን ተሰንጥቆ አፈሰሰ። ወይዘሮ ሙላቷ ስንጥቁን መረጉት፤ የጎደለውን ግን በምን ይሙሉት? ጋን ጎድሎ ከቆየ ጠጁ ይበላሻል። በዘንድሮ ጠጅ ሞሉት።

«ስትሞላው በበሩ ቀዳዳ አየኋት» አለች ዓይናዲስ። «እያለቀሰች ነበር። ጋኑን አቅፋ። አባቴ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ደርቤ፣ እናቴ ክፉ ብቻ አይደለችም ልልህ ነው።»

ደርቤ እጇን ያዘ። እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሳይለቃት ወረዱ።

የምርጫው ቀን የሆቴሉ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሁለቱ ሴቶች ወዲህና ወዲያ ተቀመጡ። ዓይናዲስ ከእናቷ ኋላ ቆመች። ከጓዳ ሁለት ብርሌ መጣ፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቁት አቶ አበረ ብቻ ነበሩ።

ደርቤ የመጀመሪያውን አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አፉን በውሃ ተጉመጠመጠ። ሁለተኛውን እንዲሁ አደረገ። ተመልሶ የመጀመሪያውን ቀመሰ። ዓይናዲስ ዓይኑን ብትፈልገው አላገኘችውም።

«ሁለተኛው ይበልጣል» አለ።

አቶ አበረ ማይክሮፎኑን ሰጡት። «እስቲ ለምን እንደበለጠ ለሕዝቡ ግለጽ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። «ለእኔ ጣመኝ» ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። ሰው ሁሉ ግን አፉን ነበር የሚያየው።

«ሁለተኛው ማንም ሳይነካው የከረመ ጠጅ ነው። ማሩና ጌሾው ታርቀዋል። የመጀመሪያው መነሻው ግሩም ነበር፤ እንዲያውም ከዚህኛው ይበልጥ ነበር። ግን የዘንድሮ ጠጅ ተደባልቆበታል። ጋኑ ጎድሎ መሆን አለበት።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ወይዘሮ ሙላቷ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ጋኑ እንደጎደለ ማን ነገረህ?»

በዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው ብርሌ የማን እንደሆነ አዳራሹ ሁሉ አወቀ። የደርቤም ፊት ተለዋወጠ።

«ምላሴ ነው፣ እትዬ» አለ።

ወይዘሮ ሙላቷ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ያንን የሚያውቁት በዓለም ላይ እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ። የዓይናዲስን ፊት ማየት በቃቸው። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ሳቅ አይመስልም።

«ምላሱ! ስማ አንተ። ይቺ ልጅ የሳቀችልህ እኔ ሳቂለት ብያት ነው። ፀጉርሽን ፍቺለት ያልኳት እኔ ነኝ። ዕቃ ግዢ እያልኩ የላክኋትም እኔ ነኝ። በመልክህ መስሎህ ነበር?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ደርቤ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ዓይናዲስን አያት።

«እውነት ነው?» ድምፁ በአዳራሹ ሁሉ አስተጋባ።

«መጀመሪያ ብቻ» ብትል ይበቃ ነበር። ግን የሚጠይቃት ሰው እጇን ይዞ የሰማውን ምስጢር በከተማው ሰው ፊት የዘረገፈ ነው። እናቷ ጋን አቅፈው ያለቀሱትን ልቅሶ የሰው መሳቂያ ያደረገ ነው። እንዲያመው ፈለገች። እሷን ያመማትን ያህል እንዲያመው።

«እውነት ነው» አለች።

ደርቤ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ዓይናዲስ ቤት ስትደርስ ልብሷ በፌስታል ታስሮ ደጅ ተቀምጦ አገኘችው።

«እማዬ፣ ላስረዳሽ።»

«የጋኑን ስንጥቅ አይቼ መረግኩት» አሉ ወይዘሮ ሙላቷ በሩ ላይ ቆመው። «አንቺን ምንሽን ልምረግ? ሂጂ።»

በሩ ተዘጋ። ጎረቤቱ በየመስኮቱ ያያል። የተከፈተላት በር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከመንገዱ ማዶ።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት፣ ሰፈሩ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የኔ ቤት ሰው አያባርርም!»

አስገቧት። አበሏት። ከዚያም ሙቀጫውን አሳዩዋት። ለገባ ለወጣው ሁሉ «ይቺ የሙላቷ ልጅ ናት፤ እናቷ እኔን ታስወቅጠኝ ነበር፣ ዛሬ እሷ ትወቅጥልኛለች» እያሉ ያስተዋውቋታል። የድሮ የእናቷ ደንበኞች ሲመጡም ወይዘሮዋ በእሷ እጅ ካልተቀዳ አይሆንም ይላሉ። ዓይናዲስ ትቀዳለች፤ ውሎ አድሮም የጠጁ ጥንሰሳ በእሷ እጅ ገባ። ሳቂ የሚላት ግን አልነበረም፤ እሷም አልሳቀችም።

የወይዘሮ ሙላቷ ቤት «የተደባለቀው ቤት» የሚል ስም ወጣለት። ሰው እየቀነሰ ሄደ። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ወይዘሮ ሙላቷ ጋኑን ወደ ደጅ አስወጥተው በመጥረቢያ መቱት። ያ ሁሉ ዓመት የከረመው ጠጅ በቦዩ ቁልቁል ወረደ። ሰፈሩ ለቀናት ማር ማር ሸተተ፤ ንብ ከየት እንደመጣ እንጃ መንገዱን ሞላው። ዓይናዲስ ሙቀጫውን ይዛ ከማዶ ቆማ አየች። እናቷም አዩዋት። ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱላትም።

በዓመቱ ደርቤ ተመልሶ መጣ። ሆቴሉ ውሉን ከማደሱ በፊት ጠጁ ድጋሚ ይቀመስ ተብሎ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ደስ ብሏቸው ጥግ ላይ አስቀመጡትና ዓይናዲስን ላኳት።

ብርሌውን አስቀምጣ ልትመለስ ስትል፣

«ተቀመጪ» አላት። ከስቷል። «እዚህ እንዳለሽ ሰምቼ ነው እሺ ያልኩት እንጂ ሥራውን ትቼዋለሁ።»

ተቀመጠች። ድሮ የሚያቀራርባቸው ዝምታ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ዕቃ በመሃላቸው ሆነ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች በመጨረሻ። «ጋኑ እንደጎደለ ምላስህ ነው የነገረህ? ወይስ እኔ?»

ደርቤ ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር የከረመው። አሁን ግን ያዘጋጀው ጠፋው።

«አላውቅም» አለ። «እውነቴን ነው። ጠጁ አፌ ሲገባ ያልሽኝ ነገር ቀድሞ አፌ ውስጥ ነበር። ባትነግሪኝ ኖሮ አገኘው ነበር ወይ እያልኩ ስንት ጠጅ ቀመስኩ! አላውቅም።»

«እኔ የነገርኩህ ስለ እናቴ ልቅሶ ነበር፤ አንተ የሰማኸው ስለ ጠጁ ነው።»

አንገቱን ደፋ። «አንቺስ? ያኔ ያልሽኝ...»

«የመጀመሪያው ሳቅ የታዘዘ ነው። ክንዴን ካየህልኝ በኋላ ያለው የኔ ነው። ሁሉም።»

ደርቤ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በእንባ ተሞላ። እጁን ዘረጋ፤ እሷም እጇን አላሸሸችም።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ካልኩህ ቆይቷል።»

«እንግዲያው ነይ እንሂድ። ባሕር ዳር ቤት አለኝ። እዚህ የሰው መጫወቻ ሆነሽ አትቀሪም።»

ዓይናዲስ ፊቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ስትወደው እንደነበረ ሁሉ ትወደዋለች፤ እሱም ከዓይኗ አነበበው። ለዚህም ነው ቀጥላ ያለችው የበለጠ የጎዳው።

«ካንተ ጋር ብኖር ምን እነግርሃለሁ፣ ደርቤ? ሲከፋኝ፣ ሲያመኝ፣ ያየሁትን፣ የፈራሁትን... አፌ ላይ ሲደርስ ያ አዳራሽ ይመጣብኛል። አፌን ይዤ ልኖር ነው። አፌን ይዤማ እዚህም እየኖርኩ ነው።»

«እለወጣለሁ።»

«ትለወጥ ይሆናል። እኔ ነኝ የማልችለው።»

እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ደርቤ ተነሳ። ደጅ የቆመችው ባጃጅ ውስጥ ገባ፤ ባጃጇም ቁልቁለቱን ይዛ ሄደች።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት እየተጣደፉ መጡ።

«ምን አለ? ወደደው?»

«አልቀመሰውም።»

«እንዴት አልቀመሰውም! ምን አድርገሽው ነው? አንቺ የእናትሽ ልጅ፣ ቤቴን ልታፈርሺ ነው?»

ዓይናዲስ ሙሉውን ብርሌ አንስታ ወጣች። መንገዱን ተሻገረች። እናቷ በተዘጋው ጠጅ ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እርጅና በአንድ ዓመት ወርዶባቸዋል። ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ ብርሌውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

ወይዘሮ ሙላቷ አላዩዋትም። ብርሌውን ግን አዩት። ተቀበሉ። አሸተቱ፤ ትንሽ ተጎንጭተው ምላሳቸው ላይ አቆዩት።

«ማን ጠነሰሰው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ጌሾ በዝቶበታል» አሉ።

ተነስተው ገቡና በሩን ዘጉት። ብርሌውን ግን አልመለሱላትም።