ዘይት የሚሸሽበት ኩርባ

ማርሚታ ለስድስት ወር አንዲት እሑድን ጠበቀ። በዚያች እሑድ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ የቀድሞ አሠሪው የውድድር መኪና ረጅሙ ኩርባ ላይ ሞተሯ ይቃጠላል። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው። ማርሚታ የሞተር ድምፅ የሚያፍን ዕቃ ነው፤ የእሱም ድምፅ አይሰማም። ትንሿን የውድድር መኪና ብረት በብረት የበየዳት፣ የሞተር ሳይክል ሞተር የገጠመላት እሱ ነበር። ባለ ጋራዡ መጀመሪያ ሳቁበት። መኪናዋ እንደ ተርብ ስትበር ሲያዩ ግን «የእኔ ፈጠራ» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ማሳየት ጀመሩ።

ይህንንስ ችሎት ነበር፤ መኪናዋን እየነዳች የምትሞክርለት የባለ ጋራዡ ልጅ ነበረችና። ስትወርድ ታየዋለች፣ እሱ መሬት ያያል። ዞር ስትል ደግሞ እሱ ያያታል። አንድ ቀን ሁለቱ ከመኪናዋ ሥር ተጋድመው ሲሳሳቁ አባትየው ደረሱ።

«ዐይንህን ከልጄ ላይ፣ መፍቻህን ከጋራዤ አንሳ» አሉት በሠራተኛው ሁሉ ፊት።

ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ያልነገራቸው ነገር ግን ነበር። ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ይጋደማል፤ ዘይቱም አብሮት ስለሚጋደም ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ቋት መሃል አይርቅም። መኪና ግን ሳይጋደም ይታጠፋል። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሻል፣ የዘይት መምጠጫው አየር ይስባል፣ ሞተሩ ደርቆ ይቃጠላል። ማርሚታ ዘይቱን የሚያግዱ ቀጫጭን ብረቶች ቆርጦ፣ በማግስቱ ቋቱ ውስጥ ሊበይዳቸው ነበር። ሙከራው ሁሉ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ስለነበር ከእሱ በቀር ማንም አልጠረጠረም።

«ይቃጠልባቸው» አለ በልቡ። ቂሙን አቅፎ ተኛ፣ አቅፎ ተነሣ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መለዋወጫ መሸጫ ቤት የሞተር ሳይክል ካቴና ሲመርጥ ልጅቷ ከጎኑ መጥታ ቆመች።

«ከሳህ» አለችው።

«አንቺም» አለ። አልከሳችም ነበር።

ለውድድሩ የተቀጠረው ሾፌር ከአባቷ ጋር ተጣልቶ እንደ ሄደ፣ እሑድ የምትነዳው እሷ እንደ ሆነች እየሳቀች ነገረችው። ካቴናው ከእጁ ወደቀ። ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ቢደርቅ የኋላ ጎማው ባለበት ቀጥ ይላል፤ መኪናዋም ትገለበጣለች። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አውርቶ አያውቅም። አንድም ሳያስቀር ነገራት።

እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ፣ «የሚነዳው ሾፌሩ ቢሆን ኖሮ ዝም ትል ነበር?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ካቴናውን አነሣ።

«ሦስት ልጆች አሉት» አለች።

ጆሮው ድረስ ቀላ። ቂሙ ግን ገና አልሞተም ነበር። ብረቶቹን እንደሚበይድ፣ ቋቱን ግን አባቷ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ይዘው እንዲመጡ ነገራት።

ቅዳሜ ጧት ባለ ጋራዡ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ቋት በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ከተከራያት አንድ ክፍል በር ላይ ቆሙ። ልጅቷ ከኋላቸው ነበረች። ማርሚታ ወንበር አላቀረበም።

«ጋሼ፣ እንዳይንቀሳቀስ ይያዙልኝ» አላቸው።

ግቢው ውስጥ ተንበርክከው በጉጠት ያዙለት። ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ያያል። ማርሚታ ጊዜ ወስዶ፣ ቀስ ብሎ በየደ። የእሳቱ ፍንጣሪ እጃቸው ላይ ሲያርፍ እንኳ አልሸሹም። «የረሳኸው የለም? እሷ ናት የምትነዳው» እያሉ ሦስት ጊዜ ጠየቁት። በሦስተኛው የበቀሉ ጣዕም ከአፉ ጠፋ።

«የለም፣ ጋሼ። እኔም አልተኛሁም» አላቸው።

ሲወጡ «ሰኞ ሥራ ግባ» አሉት። ከዚያ የበለጠ ይቅርታ አልወጣቸውም።

እሑድ ኩርባውን ሃያ ጊዜ ዞራ ሁለተኛ ወጣች። ሄልሜቷን አውልቃ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቀጥ ብላ ወደ እሱ መጣች።

«አባቴን ተበቀልከው፤ አሁን ተራው የእኔ ነው» አለችው። «ስድስት ወር ዝም ብለሃል። እኔም ስድስት ወር አላናግርህም። ከዚያ ታገባኛለህ። እስከዚያ ሌላ ሴት ብታይ ግን ወዮልህ።»

ቃሏን ጠበቀች። በየቀኑ አጠገቡ ትንበረከካለች፣ ሳይጠይቃት መፍቻ ታቀብለዋለች፤ ጣቷ ጣቱ ላይ ያለ ሥራ ይቆያል። ቃል ግን የለም። ትናንት አባትየው አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ «ልጄ፣ ቅጣቱ አይበቃም?» አሏት።

«ገና አርባ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል» አለች፤ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብላ።