የክርስትና ስም

«እትዬ የዓለምወርቅ ጴንጤ አያስገቡም» አለ ደላላው ይገዙ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። መጀመሪያ አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ላይ ተናገረው፤ ቀጥሎ የቀጨኔን ዳገት ሲጀምሩ፤ አሁን ደግሞ በሩ ጋ ሊደርሱ ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው። «እኔ አላልኩም፤ ሰፈሩ ነው የሚለው። ባለፈው የአንዷን ሻንጣ ወደ ውጭ ወርውረዋል ይባላል።»

«ማን አየ?» አለች ሲና።

«ሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ሰው አየ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው።»

ይገዙ ሳቀ። «በዚህ ምላስሽ ነው ቤት የምትለምኚው?»

ምላሷ ስለት ቢሆንም እግሯ ዝሎ ነበር። በአንድ ሳምንት ዘጠኝ በር አንኳኩታለች። አንዱ «ተማሪ ውሃ ታበዛለች» አለ፤ ሌላዋ «ሴት ላጤ ወንድ ትጠራለች» አለች፤ ሦስተኛው ምክንያት ለመስጠት እንኳ ሳይደክም ውሻውን ፈታ። የአጎቷ ሚስት መንታ ስለወለደች ሲና የምትተኛበት ሶፋ ከእሑድ በኋላ የእሷ አይደለም። እስከዚያ ቤት ካላገኘች፣ ዊንጌት ጋ ያለውን ትምህርት ቤቷንና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ጥላ ወላጆቿ ወዳሉበት ወደ ሙከ ጡሪ መመለስ ነው።

አብራት የመጣችው የክፍሏ ልጅ ኢየሩ፣ እትብቷ ቀጨኔ የተቀበረ፣ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ የገዛችውን ጥቁር ማተብ ከቦርሳዋ አወጣች።

«እኔ አላየሁም» አለ ይገዙ፤ ፊቱንም ወደ አጥሩ አዞረ።

«ነይ ወዲህ፤ አቦ አታካብጂ» አለች ኢየሩ። «ክር ነው።»

«ለአንቺም ክር ነው?»

ኢየሩ ክሩን በጣቷ ጠቀለለች። «አይደለም» አለች። «ግን እኔ ቤት አለኝ።»

ሲና አንገቷን አጎነበሰችላት።

እትዬ የዓለምወርቅ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ ሴት ናቸው። ስሟን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ፈታ አለ። «ሲና። እንደ ደብረ ሲና። የክርስትና ስምሽስ ማነው?»

ይህን ማንም አላስጠናትም። አባቷ ወንጌላዊ ነው፤ ሲና ከተወለደች ጀምሮ ሲና ብቻ ናት። ዓይኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሥላሴ ሥዕል ላይ አረፈ።

«ገብረ ሥላሴ» አለች።

ይገዙ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኢየሩን ሳል ያዛት። እትዬ የዓለምወርቅ ልጅቷን ትክ ብለው አዩአትና፣ «እሺ» ብለው ቁልፉን ሰጧት።

ዳገቱን ሲወርዱ ኢየሩ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «አንቺ ፋራ፣ ገብረ እኮ የወንድ ነው። ለሴት ወለተ ነው የሚባለው፤ ወለተ ሥላሴ። ‹አቶ ሲና እባላለሁ› ብለሽ እንደ መግባት ነው።»

«ታዲያ ቁልፉን ለምን ሰጡኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጆሯቸው ከብዶ ይሆናል።»

ጆሯቸው አልከበደም። ድመት ቆርቆሮ ላይ ስትረማመድ እንኳ «ማነው?» እንደሚሉ ሲና በሁለተኛው ቀን ደረሰችበት። እንግዲያው አውቀዋል። አውቀው ዝም ያሉት ደግሞ የሚያባርሩበትን ቀን እየመረጡ ነው። እሷ እንዲህ ብላ ደመደመች፤ ከደመደመች ደግሞ ደመደመች ነው።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ የሌባ ኑሮ ሆነ። በሩን በሁለት ጣቷ ትዘጋለች። ድሮ ጮክ ብላ ካላነበበች አይገባትም ነበር፤ አሁን ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ማታ ማታ ከእናቷ ጋር በስልክ ይጸልዩ የነበረውን መጀመሪያ ብርድ ልብስ ተከናንባ በሹክሹክታ አደረገችው፤ ቀጥሎ ስልኩን ማንሳት ተወች። እሑድ ቸርች ስትሄድ ማተቡን ታክሲ ውስጥ ትፈታለች፤ ስትመለስ እዚያው ታክሲ ውስጥ ታስራለች። አንድ ቀን ጎኗ የተቀመጡ እናት አይተዋት፣ «ልጄ፣ ለእግዜርም ተራ አስከባሪ አስፈለገው?» ሲሉ ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ለወትሮው መልስ የማታጣው ሲና መስኮቱን አየች።

እትዬ የዓለምወርቅ አልፎ አልፎ በሯን ያንኳኳሉ።

«ሲና፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ እትዬ።»

«ምነው ዝም አልሽ? የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?»

«ምንም የለም።»

እግራቸው ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሞ ይሄዳል። ሲና ከበሩ በስተጀርባ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። ምርመራ መስሏታል።

በሁለተኛው ወር እናቷ ለዓይኗ ሕክምና ልትመጣ ሆነ። ሐሙስ ገብታ እስከ ቅዳሜ ሲና ጋ ልታድር ነው። እናቷ ማተብ አታስርም። ሲነጋ ደግሞ ሳትዘምር ውሃ አትቀምስም፤ ድምጿም ሙከ ጡሪን የሚቀሰቅስ ነው።

«ንገሪያቸዋ» አለች ኢየሩ። «ቢበዛ ምን ይላሉ?»

«ውጪ ይላሉ።»

«ካላሉስ?»

«ውጪ የሚለኝን አፍ ቆሜ አልጠብቅም።»

ረቡዕ ከትምህርት መልስ ሲና ፍራሿ ላይ ተቀምጣ «እማ፣ አይመችምና አትምጪ» ብላ ጻፈች። አነበበችው። አጠፋችው። ከዚያ ማተቡን ፈትታ መስኮቱ ላይ ከቁልፉ ጎን አስቀመጠች፤ እትዬ የዓለምወርቅ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሳይመለሱም ሻንጣዋን ይዛ ዳገቱን ወረደች።

ቡራዩ ውስጥ አምስት ሴቶች በሚኖሩበት ክፍል ስድስተኛ ሆና ገባች። እናቷ በሁለት ፍራሾች መሃል ሁለት ሌሊት በጎኗ ተኛች። አልዘመረችም፤ ሰው ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፉ የሲናን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ይበላው ጀመር። የሒሳብ መምህሩ ስሟን ሲጠራ «እየመጣች ነው» የምትለው ኢየሩ ናት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ኢየሩ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ክፍልሽ ተያዘ። ሉብና የምትባል የነርስ ተማሪ ገባች። ከነሒጃቧ።»

ሲና ማኘኳን አቆመች። «ምንም አልጠየቋትም?»

«ምንም። ይገዙ ራሱ ደንግጧል። ቢሆንም ታክሲ ተራው ላይ አሁንም ጴንጤ አያስገቡም እያለ ነው።»

«ዝም ብለው ቁልፍ ሰጧት?»

«አንድ ነገር ብቻ ነው ያሏት አሉ» አለች ኢየሩ። «‹ስታጠኚ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ግቢው ውስጥ የሰው ድምፅ ልስማ። የበፊቷ ልጅ ድምፅ አልነበራትም።›»